ስለ ዳፍንትና ብርሃንን ስለሚቀበለው የዓይን ቀለም

(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



ጀዊ የሚባለው ሰፈር ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ፣ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት ሸሽተው የመጡ ስደተኞች የተጠለሉበት ቦታ ነው። አገሩ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ርቆ የሚገኝ በመሆኑ ፀሐይ እዚያ የምትጠልቀው ከዋና ከተማችን ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይታ ነው። ነገር ግን ለመሄድ ብትዘገይም ከተነሣች በኋላ ፈጥና ትሄዳለች፤ ቀኑን ሙሉ ዓይን ሲወጋ የዋለው ብርሃን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተሰብስቦ ሜዳው፣ ጎጆው፣ የሰውም ፊት በድንግዝግዝ ይዋጣል።

ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሄድሁበት ጊዜ፣ በአንድ ምሽት ከጎጆዎቹ መካከል ልጆች ኳስ ሲያባርሩ ቆሜ እመለከት ነበር። ሲመሻሽ ልጆቹ ጨዋታቸውን ሳያቋርጡ ቀጠሉ። ስድስት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ግን ከመካከላቸው ወጥቶ በጎጆው ደጃፍ ቁጭ አለ፤ እጁንም መሬት ላይ አድርጎ ዝም አለ። ጥቂት ቆይታ እናቱ መጣችና ክንዱን ይዛ፣ ዕውር እንደሚመራ እየመራች ወደ ውስጥ አስገባችው። አብሮኝ የነበረውን የጤና ሠራተኛ ልጁ ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ዳፍንት ነው፤ ቀን እንደ እርስዎና እንደ እኔ ያያል፤ ሲመሽ ግን አያይም» ሲል መለሰልኝ።

ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይባላል። እኔም ያን ልጅ ካየሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ አለ። ምሽቱ ለልጆቹ ሁሉ አንድ ሆኖ ሳለ፣ ከአንዱ ዓይን ብቻ የጎደለው ምንድን ነው? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የፈለጉ ሰዎች ታሪክ ነው። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ዳፍንት በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቃሉ ራሱ መደፈንን ያሰማል፤ ዓይኑ እንደ ተገለጠ ሳለ ብርሃኑ የተደፈነበትን ሰው ያመለክታል። እኔም በልጅነቴ ታናሽ ወንድሜ ማታ ማታ ከመደቡ ጋር እየተጋጨ፣ በፊቱ የቀረበውን ውኃ እየደፋ፣ እኛም ሆን ብሎ የሚያደርገው መስሎን እየተቈጣነው አንድ ክረምት አሳልፈናል። በመጨረሻ እናታችን ነገሩ ገባት። ከጎረቤት በሬ ታርዶ ነበርና ጉበት ለምና አምጥታ፣ ለብለብ አድርጋ በተከታታይ አበላችው። ሳምንትም ሳይሞላ ልጁ በምሽት ከቤት ወጥቶ መሮጥ ጀመረ። እናቴ የበሽታውን ምክንያት አታውቅም ነበር፤ መድኃኒቱን ግን ታውቅ ነበር።

ይህም ዕውቀት የእርስዋ ብቻ አልነበረም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ዓመት ገደማ በተጻፈ የግብጻውያን የሕክምና ጽሑፍ ላይ የበሬ ጉበት ለዓይን መድኃኒትነት ታዝዞ ይገኛል። የግሪክ ሐኪሞችም ማታ ለማያይ ሰው ጉበት በማር እያጠቀሱ እንዲበላ ይመክሩ ነበር። ሦስት ሺሕ ዓመት ሙሉ ሰው መድኃኒቱን በእጁ ይዞ ምክንያቱን ሳያውቅ ኖረ። ምክንያቱን ማወቅ የተጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት፣ ያውም በእንቁራሪት ዓይን ነው።

በ1876 ዓ.ም. ፍራንትስ ቦል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በሮማ ከተማ ሲመራመር፣ በጨለማ ያቆየውን እንቁራሪት ዓይን ከፍቶ በስተኋላ ያለውን ስስ ሽፋን ተመለከተ። ይህ ሽፋን ሬቲና የሚባለው ሲሆን፣ ከዓይን ፊት የገባው ብርሃን የሚያርፍበት ነው። ቦል ሽፋኑን ደማቅ ቀይ ሆኖ አገኘው። ወደ ብርሃን አውጥቶ ሲመለከተው ግን ቀይ መልኩ ዓይኑ እያየ እየደበዘዘ ሄደ፤ ወደ ቢጫነት አደላ፤ በመጨረሻም ነጣ። እንቁራሪቷን በሕይወትዋ ጨለማ ውስጥ ቢያቆያት ደግሞ ቀለሙ ተመልሶ መጣ። ቦል ከዚህ በመነሣት፣ ብርሃን በዓይን ውስጥ አንድ ነገር እንደሚለውጥ፣ ማየትም የሚጀምረው ከዚህ ለውጥ እንደሆነ ተናገረ። ነገር ግን ሥራውን ሳይፈጽም፣ ሠላሳ ዓመት ያህል ብቻ ኖሮ፣ በ1879 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ።

ሥራውን ተቀብሎ የቀጠለው በሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቪልሄልም ኩኔ ነው። ኩኔ ቀለሙን ከሬቲናው ለይቶ ለማውጣት ብዙ ከጣረ በኋላ፣ ከሐሞት በሚገኝ ጨው እያሟሟ ማውጣት ቻለ። ከዚህም የተነሣ ቀለሙ ራሱን የቻለ ነገር መሆኑ ታወቀ። በኋላም ሮዶፕሲን የሚል ስም ወጣለት፤ ይኸውም ጽጌረዳንና ዕይታን ከሚያመለክቱ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሰናዳ ነው። እንግዲህ ስሙ «የዕይታ ጽጌረዳ» እንደ ማለት ነው።

ኩኔ ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አሳየ። ጥንቸል በጨለማ ካቆየ በኋላ ፊትዋን ወደ መስኮት አዙሮ ለጥቂት ደቂቃ እንድትመለከት አደረገ፤ ወዲያው አርዶ ዓይንዋን በሸብ ውኃ ውስጥ ቢነክረው፣ የመስኮቱ ምስል ከነፍርግርጉ በሬቲናው ላይ ታትሞ ተገኘ። ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ፣ በተገደለ ሰው ዓይን ውስጥ የገዳዩ መልክ ሊገኝ ይችላል የሚል ተስፋ በአውሮፓ ተሠራጨ። ተስፋው ግን ከንቱ ነበር። ኩኔ በ1880 በሞት የተቀጣን ሰው ዓይን ከፍቶ ሲመረምር፣ ምን እንደሆነ ሊታወቅ የማይችል ደብዛዛ ነገር እንጂ መልክ አላገኘም። ከዚህ ሁሉ የጸናው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ዓይን እንደ ተራ መስተዋት ምስል ብቻ የሚያንጸባርቅ አይደለም፤ ብርሃን የሚነካው፣ የሚያነጣው፣ ጨለማም የሚመልሰው ቀለም በውስጡ አለ።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ከሊቃውንት ቤት ወጥቶ ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ይገባልና፣ በቢሮ የምንሠራ ሰዎች ልናስተውለው ይገባናል።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ዴንማርክ በጦርነቱ ውስጥ አልገባችም ነበር። አገሪቱ በቅቤ የታወቀች ነበረችና፣ ቅቤዋ በውጭ አገር ጥሩ ዋጋ እያወጣ ስለ ተገኘ በብዛት ተሸጠ። ድሆቹ ከአትክልት ዘይት በተሠራ ማርጋሪንና ቅባቱ በወጣለት ወተት ይተዳደሩ ጀመር። ሒሳቡ በመዝገብ ላይ ሲታይ አንዳች እንከን አልነበረበትም፤ ስብ በስብ ተተክቷል፣ አገሪቱም ገንዘብ አግኝታለች። ዳሩ ግን በኮፐንሐገን ካርል ብሎክ የሚባል የሕፃናት ሐኪም፣ ዓይናቸው የደረቀ፣ የዓይናቸውም ፊት እየሟሟ የሚፈስስ ሕፃናት ከዓመት ወደ ዓመት እየበዙ ሲመጡበት ተመለከተ። በ1917 መጨረሻ የባሕር ውስጥ መርከቦች ጦርነት ንግዱን ስለዘጋው፣ ቅቤው በአገር ውስጥ ቀረና በመጠን እየተመደበ ለሕዝቡ በሚችለው ዋጋ ይሸጥ ጀመር። በሚከተለው ዓመት በሽታው ጠፋ ለማለት ያህል ቀነሰ። ብሎክም ልጆቹን ያሳወራቸው ከቅቤና ከሙሉ ወተት ጋር የተወሰደባቸው ነገር መሆኑን አስታወቀ።

ከጽሕፈት ጠረጴዛ የወጣ ትእዛዝ ልጆችን አሳወረ፤ ሌላው ትእዛዝ ደግሞ ዓይናቸውን ጠበቀ። የመጀመሪያውን የጻፈው ሰው ክፉ አልነበረም፤ በቅቤ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቅም ነበር።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ የሚገኙ ሊቃውንት በ1913 በቅቤና በዕንቁላል አስኳል ውስጥ ለአይጦች እድገት እጅግ አስፈላጊ የሆነ ነገር እንዳለ ገልጸው ነበር፤ ይህ ነገር በኋላ ቪታሚን ኤ ተባለ። በ1925 ደግሞ ፍሪዴሪሺያና ሆልም የተባሉ ሁለት የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ቪታሚን ኤ የተነፈጉ አይጦች በብርሃን የነጣው የዓይናቸው ቀለም ቶሎ እንደማይመለስላቸው አሳዩ። የቦል ቀለምና የኮፐንሐገን ቅቤ በዚህ ተገናኙ።

ሁለቱ እንዴት አንድ እንደሆኑ የገለጠው ጆርጅ ዋልድ የሚባል ወጣት አሜሪካዊ ነው። ዋልድ በርሊን በነበረው በኦቶ ዋርቡርግ የምርምር ቤት ሲሠራ፣ በሬቲና ውስጥ ቪታሚን ኤ ራሱ እንዳለ ደረሰበት፤ ግኝቱንም በ1933 አሳተመ። ከዚያም ነገሩን ለማረጋገጥ ወደ ዙሪክ፣ ቀጥሎም ወደ ሃይደልበርግ ሄደ። ጊዜው ሒትለር ሥልጣን የያዘበት ነበር፤ ዋልድም አይሁዳዊ ስለሆነ ወደ አገሩ እንዲመለስ ተነገረው። ነገር ግን የምርምር ቤቱ ሰዎች ለዕረፍት በሄዱበት ወራት 300 እንቁራሪቶች መጡ። ወጣቱ ከመሄዱ በፊት በእነርሱ ላይ ሠርቶ፣ ቀለሙ በብርሃን ሲፈርስ ከውስጡ አንድ ቢጫ ነገር እንደሚለቅ አገኘ። ይህ ቢጫ ነገር ሬቲናል ይባላል፤ ከቪታሚን ኤ ጋር የቅርብ ዘመድ መሆኑንም ሞርተን የሚባል የእንግሊዝ ሊቅ በ1944 አረጋገጠ። ዋልድም በ1967 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ።

እንግዲህ አሁን የምሽቱን ልጅ ዓይን ከፍተን እንመልከት። በሬቲናችን ላይ ሁለት ዓይነት ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት አሉ። አንደኞቹ እንደ ዘንግ ቀጥ ያሉ ሲሆኑ በአንድ ዓይን ውስጥ 120 ሚሊዮን ያህል ይሆናሉ፤ ሥራቸውም በምሽትና በጨረቃ ማየት ነው። ሁለተኞቹ ጫፋቸው እንደ ጎጆ ጉልላት የሾለ ሲሆን ቍጥራቸው 6 ሚሊዮን ያህል ነው፤ እነዚህም በቀን ብርሃን ቀለምን ለይተው ያያሉ። ዘንጎቹ በሮዶፕሲን የተሞሉ ናቸው። ሮዶፕሲን ደግሞ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ኦፕሲን የሚባል ፕሮቲን ሲሆን፣ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ እየሰፋ የሚያልፍ ረጅም ክር ነው። ሁለተኛው በዚህ ክር መካከል እንደ ቁልፍ በመቆለፊያ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠው ሬቲናል ነው።

ሬቲናል በጨለማ ሳለ ጎበጥ ያለ ነው። የብርሃን ቅንጣት ባገኘችው ጊዜ ግን ከማሰብ በፈጠነ ፍጥነት ቀጥ ይላል። በዓይን ውስጥ ብርሃን የሚሠራው ሥራ ይህ ብቻ ነው፤ የጎበጠውን ያቀናል። ሌላው ሁሉ ከዚህ ተከትሎ የሚመጣ ነው። ሬቲናሉ ሲቀና የያዘው ፕሮቲን ቅርጹን ይለውጣል፤ እርሱም በአጠገቡ ያለውን ሌላ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ያም ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ በመጨረሻም በሕዋሱ ቆዳ ላይ ያሉት ጥቃቅን በሮች ይዘጋሉ። እጅግ የሚያስደንቀው ነገር፣ ዘንጉ በጨለማ ጊዜ ሳያቋርጥ መልእክት ሲልክ ይቆይና፣ ብርሃን ሲነካው ቀነስ አድርጎ ዝም ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ነርቮች ዝምታውን ብርሃን ነው ብለው ይተረጕሙታል። የዚህም አሠራር ጥራት እጅግ ከፍተኛ ስለሆነ፣ ሰሊግ ሄክትና ጓደኞቹ በ1942 ባሳተሙት ጥናት፣ በጨለማ የቆየ የሰው ዓይን ጥቂት የብርሃን ቅንጣቶችን ብቻ እንኳ ሊያይ እንደሚችል አሳይተዋል።

ሥራውን የፈጸመው ሬቲናል ከፕሮቲኑ ይለቅና በአጠገቡ ወዳለው ሽፋን ሄዶ እንደገና ጎብጦ ይመለሳል። ከፀሐይ ወደ ጨለማ ቤት ስንገባ ዓይናችን በመጀመሪያ ምንም ሳያይ ቆይቶ ቀስ በቀስ የሚለምደው፣ ፈጽሞ እስኪለምድም ግማሽ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በመመላለሱም ጥቂት ይባክናል፤ የባከነውም ከደም በሚመጣ ቪታሚን ኤ ይተካል። ቪታሚኑን ሰውነታችን ከምንም ሊፈጥረው አይችልም፤ ከምግብ ማግኘት አለበት። ምግቡ ከጎደለ ሮዶፕሲን ይጎድላል፤ በመጀመሪያም የሚጎዱት ዘንጎቹ ናቸውና ምሽት ይጠፋል። ዳፍንት ማለት ይህ ነው። ያ ልጅ ዓይኑ ጤናማ ነው፤ መቆለፊያው አለ፤ ቁልፉ ግን የለም።

የዚህ ፕሮቲን ታሪክ በዓይን ብቻ ቢቆም ኖሮ እንኳ በቂ በሆነ ነበር። ነገር ግን አልቆመም። በ1971 ኧስተርሄልትና ሽቶኬኒየስ የተባሉ ሊቃውንት፣ እጅግ ጨዋማ በሆነ ውኃ ውስጥ በሚኖር፣ ዓይንም ሆነ አንጎል በሌለው ረቂቅ ፍጡር ውስጥ ሬቲናልን የተሸከመ ሐምራዊ ፕሮቲን አገኙ። ፍጡሩ በዚህ ፕሮቲን አማካይነት የፀሐይን ብርሃን ለኑሮው ኃይል ያደርገዋል። የእነዚህ ጨው ወዳድ ፍጡራን ዘመዶች በአገራችን በዳሎል ዙሪያ ባሉት ጨዋማ ውኃዎች ውስጥ መኖራቸውን በ2019 የታተመ ጥናት ገልጿል።

በ1986 ደግሞ ልባችን ስንደነግጥ እንዲመታ የሚያደርገው ሆርሞን የሚያርፍበት ፕሮቲን፣ በአሠራሩ ሮዶፕሲንን የሚመስል መሆኑ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ የዚህ ወገን ፕሮቲኖች ሽታን፣ ጣዕምንና ብዙውን የሰውነት መልእክት እንደሚቀበሉ ተረጋገጠ፤ በዛሬው ጊዜ ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ሢሶው ያህል የሚሠራው በእነዚህ ላይ ነው። ለዚህም ሥራ ሌፍኮዊትዝና ኮቢልካ የተባሉ ሊቃውንት በ2012 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በ1998 ደግሞ ሜላኖፕሲን የሚባለው ሌላው ዘመድ በእንቁራሪት ቆዳ ላይ ተገኘ፤ ይኸው ፕሮቲን በእኛም ሬቲና ውስጥ ሆኖ፣ ለማየት ሳይሆን ሰውነታችን ቀንና ሌሊትን እንዲያውቅ፣ እንቅልፍም በጊዜው እንዲመጣ ያገለግላል። በ2021 እንደ ተገለጠው ሐኪሞች ከአልጌ የተገኘውን ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን የተሠራበትን ትእዛዝ ለብዙ ዓመታት በታወረ ሰው ዓይን ውስጥ አስገብተው፣ ሰውየው በልዩ መነጽር እየታገዘ በጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃን ለይቶ እጁን ሊዘረጋ ቻለ። በእንቁራሪት ዓይን የተጀመረው ነገር እነሆ እስከዚህ ደረሰ።

ነገር ግን ለጀዊው ልጅ ይህ ሁሉ ረቂቅ ጥበብ አያስፈልገውም ነበር። የሚያስፈልገው የእኔ እናት ታውቀው የነበረው ነገር ብቻ ነው። ታዲያ ለምን ጎደለበት?

በጀዊ የሚኖሩት ስደተኞች አብዛኞቹ ኑዌሮች ናቸው። በታኅሣሥ 2013 በደቡብ ሱዳን የተነሣው ጦርነት አፈናቅሏቸው ወደ ጋምቤላ መጡ። በመጀመሪያ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ሌይችዎር በ2014 ክረምት በጎርፍ ተጥለቀለቀ፤ በ2015 የጀዊ ሰፈር ተከፍቶ ሕዝቡ ወደዚያ ተዛወረ። ኑዌር በከብቱ የሚኖር ሕዝብ ነው። ላሚቱ ለምለሙን ሣር ትግጣለች፤ በሣሩ ውስጥ ያለው ቀለም በሰውነትዋ ወደ ቪታሚን ኤ ይለወጣል፤ ቪታሚኑም ከወተትና ከቅቤ ጋር ወደ ልጁ ይደርሳል፤ በልጁም ዓይን ውስጥ የምሽት ብርሃን ይሆናል። ከላሙ የተለየ ሕዝብ ከዚህ ሰንሰለት ተቈርጦ ይቀራል። የልጁ እናት በአስተርጓሚ እንደ ነገረችኝ፣ በአገርዋ ሳለች ስለ ዳፍንት የምታውቀው በሌላ ሰው ቤት ሲወራ ሰምታ ነበር እንጂ በራስዋ ቤት አይታው አታውቅም፤ ያን ጊዜ ላሞች ነበሯት።

በሰፈር የሚታደለው ምግብ በብዛት እህል፣ ጥራጥሬ፣ ጨውና ዘይት ነው። ነጭ በቆሎም ሆነ ማሽላ ሆድን ይሞላል እንጂ ለዓይን የሚበቃ ቪታሚን ኤ የለውም። ስለዚህ ከመላው ድርሻ ይህን ቪታሚን የተሸከመው በተለይ ዘይቱ ነው፤ በፋብሪካ ሳለ ቪታሚን ኤና ዲ ይጨመርበታል። በሰኔ 2023 ዕርዳታው በአገራችን ያለ አግባብ ወደ ሌላ መንገድ መዋሉ ስለ ተገለጠ፣ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለስደተኞች የሚሰጠውን ምግብ ጭምር አቋረጠ፤ ለስደተኞቹ እንደገና የቀጠለው በጥቅምት ነው። በእነዚህ ወራት ከልጆች አፍ የተቋረጠው እህል ብቻ አልነበረም።

ይህ ጉዳይ የማየት ብቻ እንዳይመስለን። አልፍሬድ ሶመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በኢንዶኔዥያ ሲያጠና፣ በ1983 እንዳስታወቀው፣ ዳፍንት ያለባቸው ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ እጅግ በበዛ ቍጥር የሚሞቱ ሆነው ተገኙ። ቪታሚኑ ከዓይን በቀር የሳንባን፣ የአንጀትን፣ የቆዳን ውስጠኛ ሽፋን የሚጠብቅ፣ ሰውነትም በሽታን እንዲከላከል የሚረዳ ነውና፤ በጎደለ ጊዜ ኩፍኝና ተቅማጥ ልጁን በቀላሉ ይወስዱታል። በአቼ ግዛት በተደረገውና በ1986 በታተመው ጥናት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ቪታሚን ኤ በተሰጠባቸው መንደሮች የልጆች ሞት በሢሶ ያህል አንሶ ተገኘ። ስለዚህ ዳፍንት የሞት ደወል ነው፤ ልጁ በምሽት ሲደናበር ሰውነቱ እየጮኸ ነው።

በአገራችንም ዶክተር ዘውዴ ወልደ ገብርኤልና የሥራ ጓደኞቻቸው በ1991 ባሳተሙት አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ ልጆች አንዱ ያህል በዓይኑ ነጭ ላይ ከዚህ እጥረት የሚመጣው አረፋ መሰል ነጭ ምልክት ታይቶበታል። የዓለም የጤና ድርጅት ነገሩ የሕዝብ ችግር ነው የሚለው ከ200 ልጆች አንዱ ላይ ከታየ ጀምሮ ነውና፣ የእኛ ከዚህ እጥፍ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቪታሚን ኤ ጠብታ ይሰጣል፤ በ2022ም የምግብ ዘይት በቪታሚን ኤና ዲ እንዲበለጽግ አስገዳጅ ሕግ ወጥቷል።

ያን ልጅ በተመለከተ፣ የጤና ሠራተኛው በማግሥቱ ከጤና ጣቢያው አስጠርቶት፣ ቀይዋን ፍሬ ጫፍዋን በመቀስ ቈርጦ በአፉ ውስጥ ጨመቀለት። በሚቀጥለውም ቀን ደገመለት፤ ሦስተኛውን ከሁለት ሳምንት በኋላ እንዲወስድ አዘዘ። መድኃኒቱ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ጥበብ የለውም። በሦስተኛው ቀን ምሽት፣ ወደ ጋምቤላ ከተማ ልመለስ ስል፣ በዚያው ሜዳ ላይ ብመለከት ድንግዝግዙ ውስጥ ኳሱን ተከትሎ ሲሮጥ አየሁት። በእኛ ቤት ሳምንት የፈጀውን እርሱ በሁለት ቀን አገኘው።

አሁን እናንተ በቢሮ የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ ይህ ለእኛ ምን ይነግረናል ትሉ ይሆናል። አንድ ተራ ነገር ላንሣ። ብርሃን በዓይናችን ውስጥ የሚሠራበት ይኸው ቪታሚን፣ ከዓይን ውጭ ሆኖ ብርሃን ሲያገኘው ይበላሻል። የጠራ ዕቃ ውስጥ ሆኖ ለፀሐይ የተጋለጠ ዘይት በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቪታሚን ኤውን ያጣል። መልኩ አይለወጥም፤ ሽታው ወዲያው አይለወጥም፤ ሚዛኑም አይጎድልም። በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ሊትር ከመጋዘኑ ሊትር ጋር ይስማማል። የጎደለው ነገር በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም፤ የሚታየው በልጅ ዓይን ላይ ብቻ ነው። በጋምቤላ ሙቀት፣ በሚያቃጥለው ፀሐይ፣ ዘይት በደጅ ተከምሮ ፈራሚ የሚጠብቅ ከሆነ፣ የዘገየው ፊርማ ብቻ አይደለም። በከተማችንም ቢሆን በየሱቁ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረውን የጠራ የዘይት ዕቃ ያላየ ሰው የለም።

ስለዚህ የመጋዘን ኃላፊ የሆነ ዘይቱን ከፀሐይ ያግባ፤ የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ ብርሃን የማያስገባ ዕቃ ይጠይቅ፤ ደብዳቤ የሚመራ በጠረጴዛው ላይ አያሳድረው። በየቤታችንም ለልጆቻችን ጎመን፣ ካሮት፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ ሲገኝም ጉበት ማብላትን እንደ ትርፍ ወጪ አንቍጠረው። በጋምቤላ የሚበቅለው ማንጎና ከባሮ የሚወጣው ዓሣም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል፤ የጎመን ቅጠል ዓይንን ከመጥፋት ያድናልና።

የኮፐንሐገኑ ጸሐፊ በቅቤው ውስጥ ምን እንዳለ ባለማወቁ ሊመካኝ ይችል ነበር። እኛ ግን ከቦል፣ ከብሎክና ከዋልድ በኋላ የተወለድን ስለሆንን አላወቅንም የምንልበት ምክንያት የለንም። ስለ ጀዊው ልጅ ዓይን የሚያስፈልገውን ሁሉ ሊቃውንቱ ነግረውናል፤ የቀረው እኛ የምንፈርመው ወረቀት ነው።